ቤትሽን ይዘሽ በበረዶ መንገድ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

በበረዶው ወቅት ሞተርሆም፣ ያንን ቤት የሆነ መኪና፣ ይዘን እንወጣለን ስትዪኝ በስልክ ብዙ አላወራሁም። ዝም ማለቴን ቅር ብሎት ነው ብለሽ ሳትተረጉሚው አልቀረሽም። ቅር አላለኝም። እንዲያውም ደስ ነው ያለኝ። በረዶ ከለበሰ ተራራ ሥር፣ ሞቅ ባለች ክፍል ውስጥ፣ ልጆችን ጎን አድርጎ ማደር የሚጠላ የለም። ግን በስልክ የተነገረ ምክር በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። ከመውጣታችሁ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ። ቤትሽ አብሮሽ ነው የሚሄደው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ ሁሉም ከጀርባሽ አለ። ትንሽ መኪና የሚነዳ ሰው በረዶ ሲጀምር «ሆቴል ሳልደርስ ሊመሽብኝ ነው» ብሎ ይጣደፋል። አንቺ ግን የምትጣደፊበት ምክንያት የለሽም። አየሩ ከከፋ አስተማማኝ ቦታ ፈልጎ መቆም፣ ሻይ ማፍላት፣ ልጆቹን ካርታ ማጫወት ነው። በበረዶ መንገድ ላይ ብዙው ጣጣ የሚመጣው «ዛሬ የግድ መድረስ አለብን» ከሚል ግትርነት ነው። ስለዚህ ስታቅዱ ትርፍ ቀን ጨምሩበት። በቀን የምትሄዱትን ርቀትም ከሌላው ጊዜ በግማሽ ቀንሱት። ሳይመሽ ቁሙ። የማደሪያ ቦታ በጨለማ በበረዶ ውስጥ መፈለግ አይመከርም፤ የቦዩ ጠርዝ የት እንደሆነ እንኳ አይታይም።

አሁን ወደ ጎማው። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ጎማው ካልሆነ ከንቱ ነው። የበጋ፣ ማለትም የሙቀት ወቅት፣ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ላስቲኩ እየደረቀ ይሄዳል። በረዶ ባይኖር እንኳ እርጥብ አስፋልት መያዝ ያቅተዋል። የበረዶ ጎማ ግን ላስቲኩ በብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በመሃሉም የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ምልክት ፈልጊ። ያ ምልክት ካለ ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። «ኤም» እና «ኤስ» (M+S) የሚሉ ፊደሎች ብቻ ካሉበት ግን አምራቹ ራሱ የለጠፈው ስም ነው። እሱ ላይ አትተማመኚ። የጥርሱን ጥልቀት ደግሞ ለኪ። በብዙ አገር ሕጉ 1.6 ሚሊ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። ለበረዶ ግን 4 ሚሊ ሜትር ከማይሞላ ጎማ ጋር አትውጪ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሞተርሆም ከሚሄድበት ቀን የሚቆምበት ይበዛል። ስለዚህ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ጎኑ ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። ለምሳሌ 3521 ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በ35ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ባለመኪናው «አዲስ ነው፣ ጥርሱን እይው» ቢልሽ ጥርሱን ሳይሆን አሃዙን እይ። የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆችም ካሉ ጎንበስ ብለሽ በባትሪ ብርሃን ፈልጊ። የጎማው ነፋስም በብርድ ይወርዳል። 5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ አየሩ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 0.2 ባር ገደማ ይቀንሳል። ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ ተለክቶ ተራራ ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጠዋት፣ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ለኪው።

ክብደቱስ? ብዙዎቹ ሞተርሆሞች ከነጭነታቸው ከ3.5 ቶን በላይ እንዲመዝኑ አይፈቀድላቸውም። ባዷቸውን ራሳቸው ወደዚያ ይጠጋሉ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። 100 ሊትር ከሞላሽ 100 ኪሎ ጫንሽ። በብርድ ወቅት ደግሞ ብርድ ልብሱ፣ ቦቲው፣ አካፋው፣ ሰንሰለቱ፣ ተጨማሪው ጋዝ ይመጣል። ሁሉን ጭነሽ ስትጨርሺ አንድ የመኪና ሚዛን ላይ አውጪው። ዋናው ደግሞ ክብደቱ የት ነው የተቀመጠው የሚለው ነው። ብዙ ሞተርሆም የሚጎተተው በፊት ጎማው ነው። የኋላውን ዕቃ ቤት ባጨቅሽው ቁጥር ፊቱ ይቀላል። ዳገት ላይ የሚያስፈልግሽ ደግሞ የፊቱ ክብደት ነው። ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርገሽ በሁለቱ አክስሎች (በፊትና በኋላ ጎማዎች) መካከል አስቀምጪ። ከላይ ያሉት ቁም ሳጥኖች ለልብስና ለቀላል ነገር ይሁኑ።

የበረዶ ሰንሰለት ግዙ። ስትገዙ የጎማውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ግቢ ውስጥ፣ በደረቅ መሬት፣ ጓንት አድርጋችሁ ሞክሩት። ሰው በዚህ ሲስቅ አይቻለሁ። በውርጭ፣ ጣት ደንዝዞ፣ መኪና በጎን እያለፈ ለመጀመሪያ ጊዜ መመሪያ ማንበብ ግን አያስቅም። ሰንሰለቱ የሚታሰረው መኪናውን የሚጎትተው ጎማ ላይ ነው። የእናንተ ፊት ይሁን ኋላ ቀድማችሁ እወቁ። ካሰራችሁ በኋላ መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ የሚነካው ነገር እንዳለ እዩ። ጥቂት ከሄዳችሁ በኋላ ወርዳችሁ እንደገና አጥብቁት፤ መላላቱ አይቀርም። ፍጥነታችሁ ከ50 ኪሎ ሜትር አይለፍ። የሚታሰረውም ዳገቱ ሥር፣ ሜዳ ላይ ነው። ዳገቱ መሃል ተይዞ ሰንሰለት ለማሰር መሞከር ሌላ ፈተና ነው።

አነዳዱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በበረዶ ላይ የሚነዳ ሰው እግሩም እጁም መለስለስ አለበት። ነዳጁን በዝግታ፣ ፍሬኑን በዝግታ፣ መሪውን በዝግታ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትሥሪ። ኩርባ ከመግባትሽ በፊት ፍጥነት ቀንሺ፣ ከዚያ ፍሬኑን ልቀቂ፣ ከዚያ ጠምዝዢ። ጎማው ያለችው የመያዝ አቅም ትንሽ ናት። ግማሹን ለፍሬን ግማሹን ለመሪ ስትሰጫት ሁለቱንም ታጣለች። በረዶ በረጋበት መንገድ ላይ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከደረቅ አስፋልት 10 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ፊትሽ ያለው መኪና አንድ ምልክት ሲያልፍ ቁጠሪ። አንቺ እዚያ ምልክት ላይ ለመድረስ ቢያንስ 10 ሰከንድ ይውሰድብሽ። የኋላው ሰው ክላክሱን ቢያንባርቅብሽ ያንባርቅ። ቦታ ስታገኚ ዳር ይዘሽ አሳልፊው።

ከሚታየው በረዶ የማይታየው ይብሳል። አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስልሻል፤ ግን ላዩ ላይ እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ ተኝቷል። ድልድይ ላይ መጀመሪያ ይረጋል፤ ነፋሱ ከላይም ከታችም ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ፀሐይ የማያገኘው የተራራ ጥላ፣ ጫካ ውስጥ ያለ መንገድ፣ የዋሻ መውጫ፣ እነዚህም ያው ናቸው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ሙቀት 3 ዲግሪ ሲል ጀምረሽ ተጠንቀቂ። መሬቱ ከአየሩ ሊቀዘቅዝ ይችላልና። ሰው የማይጠብቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ካለው በረዶ ይልቅ ዜሮ አካባቢ ያለው የባሰ ያዳልጣል። ላዩ ላይ ቀጭን ውኃ ስለሚኖር ነው። ስለዚህ «ዛሬ ሞቅ ብሏል» የሚባልበት ቀን ነው የሚያሰጋው።

ጆሮሽንም ተጠቀሚበት። ሬዲዮውን ዝቅ አድርጊው። በእርጥብ አስፋልት ላይ ጎማ ይንሿሿል። ያ ድምፅ ድንገት ጸጥ ካለና መሪው እጅሽ ላይ ከቀለለ፣ በረዶ ላይ ነሽ። ያን ጊዜ ፍሬን አትርገጪ። እግርሽን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብለሽ አንሺ፤ መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ካዳለጠሽም ዐይንሽ መሄድ ወደምትፈልጊበት ይሁን እንጂ ወደምትፈሪው ነገር አይሁን። እጅ ዐይንን ነው የሚከተለው። የግድ መቆም ካለብሽና መኪናው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ካለው ግን ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ረግጠሽ ያዢ። እግርሽ ሥር ቢንቀጠቀጥ አትደንግጪ፤ ሥራውን እየሠራ ነው።

ቁልቁለት ላይ በማርሽ ውረጂ። ማርሹ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ መሃል ላይ አይደለም። 3.5 ቶን በፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ያሰንፈዋል። ዳገት ላይ ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታ፣ ሳትቆሚ። ከፊትሽ የተያዘ መኪና ካለ ታች ጠብቂና መንገዱ ሲከፈት ተነሺ። ክሩዝ ኮንትሮል የሚባለውን፣ ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘውን፣ ለደረቅ መንገድ ተይው። ነፋስም አለ። የሞተርሆም ጎን ሰፊ ግድግዳ ነው። ትልቅ ጭነት መኪና ስታልፊ ወይም ከዋሻ ስትወጪ ነፋሱ በድንገት ይመታሻል። ሁለት እጅሽ መሪው ላይ ይሁን።

ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ጣሪያውን ጥረጉ። ሰው የፊት መስታወቱን ብቻ ፍቆ ይነሳል። የጣሪያው በረዶ ግን ሲሞቅ ይላቀቅና ፍሬን ስትይዢ መስታወትሽ ላይ ይወርዳል። ወይም እንደ ሰሌዳ ተነስቶ ከኋላሽ ያለውን ሰው ይመታል። መሰላልና ረጅም መጥረጊያ ያዙ፤ ጣሪያው ላይ ወጥቶ መቆም ግን አይሁን፤ ያዳልጣል። የጋዙን ጭስ ማውጫና የጣሪያውን አየር መግቢያም አብራችሁ ከበረዶ አጽዱ። ልጆቹ መኪናው ሲሄድ ቀበቶ አስረው ወንበራቸው ላይ ናቸው። አልጋ ላይ ተኝቶ መሄድ የለም። ቢለምኑሽም፣ ቢያለቅሱም።

አሁን ስለ ሌሊቱ። ከመንገዱ ይልቅ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የተኛን ሰው ሳያስነቃው ነው የሚወስደው። ስለዚህ የጋዝ ምድጃውን ለምግብ ማብሰያ እንጂ ቤት ለማሞቂያ አታብሩት። ከሰል ወደ ውስጥ አይግባ፤ እሳቱ የጠፋ ቢመስልም እንኳ አይግባ። የተሠራውን ማሞቂያ ብቻ ተጠቀሙ፤ እሱንም ከጉዞው በፊት ባለሙያ ያየው። በረዶ ሌሊቱን ሲጥል ካደረ ጭስ ማውጫው ሊደፈን ይችላል። ከመተኛታችሁ በፊትና ሌሊት ስትነቁ ወጣ ብላችሁ እዩት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ገዝታችሁ መኝታው አጠገብ ስቀሉ፤ ቁልፉን ተጭናችሁም መጮሁን ሞክሩ። ሁላችሁንም በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ። በሩን ክፈቱ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ እርዳታ ጥሩ።

ወለሉና ግድግዳው ላይ የተሠሩ ቀዳዳዎች አሉ። ብርድ ያስገባሉ። ግን በጨርቅ አትድፈኗቸው። የምድጃ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወደ ወለሉ ነው የሚወርደው፤ መውጫው ያ ቀዳዳ ነው።

ጋዙን በተመለከተ ሻጩን «ፕሮፔን ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ሌላው የምድጃ ጋዝ፣ ቡቴን፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል። ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ማሞቂያው ይጠፋብሻል። ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ ይሠራል። ትርፍ ሲሊንደር ይኑራችሁ። በብርድ የጋዝ ፍጆታ ከበጋው ጋር አይገናኝም፤ ባለ 11 ኪሎው በጥቂት ቀን ያልቃል። የሚያልቀውም ሁልጊዜ ሌሊት ነው! ነዳጅ ማደያ ስትገቡ ማሞቂያውን አጥፉ።

ናፍጣም ብርድ አይወድም። የበጋ ናፍጣ በብርድ ሰም አውጥቶ ማጣሪያውን ይደፍናል። ስለዚህ ቆላ ላይ የሞላሽውን ይዘሽ ተራራ አትውጪ። ጎዶሎ አድርገሽ ሂጂና እዚያው ብርዱ አካባቢ ለብርድ የተዘጋጀውን ሙዪ። ቤንዚን መቀላቀል ድሮ ይደረግ ነበር፤ የዛሬ ሞተር ግን ይበላሽበታል። ባትሪውም በብርድ ይደክማል። ያረጀ ከሆነ ሳትወጡ ለውጡት። የቤቱ ባትሪ ሊቲየም ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ እያለ ኃይል መሙላት ይጎዳዋል፤ መጀመሪያ ክፍሉ ይሙቅ።

ውኃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቧንቧ የሚፈነዳው ለዚህ ነው። ማሞቂያው እየሠራ ከሆነ የውስጡ ታንከር አይረጋም። የቆሻሻ ውኃው ታንከር ግን ብዙ ጊዜ ከመኪናው ሥር ነው። ቧንቧውን ክፈቱና ባልዲ አስቀምጡለት፤ በረዶው ከባልዲው ይወጣል፣ ታንከሩ ይተርፋል። ቦይለሩ (የውኃ ማሞቂያው) ላይ ሙቀቱ ወደ 3 ዲግሪ ሲወርድ ራሱ ተከፍቶ ውኃውን የሚደፋ ቫልቭ ሊኖር ይችላል። ጠዋት ውኃ ጠፍቶ መሬት ላይ በረዶ ብታዩ ተበላሸ ብላችሁ አትሸበሩ። ማሞቂያ ሳይኖር መኪናው የሚቆም ከሆነ ግን ሁሉንም ውኃ ድፉ፣ ቧንቧዎቹንም ክፍት ተዉ።

አራት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ መስታወቱ በእንፋሎት ይታጠባል። የጣሪያውን መስኮት ጣት የምታህል ክፈቱ። ብርድ ይገባል ብለሽ አትዝጊው፤ እርጥበቱ ከብርዱ ይብሳል። የፊት መስታወቱን መጋረጃ ከውጭ የሚለበሰውን ግዙ። ከውስጥ የሚሰቀለው ከሆነ ጠዋት በረዶውን ከውስጥ ስትፍቂ ታረፍጃለሽ።

ስታቆሙ የመኪናው ፊት ወደ መውጫው ይሁን። የእጅ ፍሬን እርጥብ ሆኖ ካደረ በረዶ ይዞት አይለቅም፤ በእሱ ፋንታ ማርሽ ውስጥ አስገቡና ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ጎማው በረዶው ውስጥ ረግቶ እንዳይያዝም ከሥሩ ሳንቃ አንጥፉ። በረዶ ጠራጊው መኪና የሚያልፍበት ቦታ ላይ ግን በፍጹም አትቁሙ።

መንገዱ ተዘግቶ ከተያዛችሁስ? ከመኪናው አትውጡ። ቤታችሁ ውስጥ ናችሁ፤ ከሌላው መንገደኛ ይልቅ ታድላችኋል። ማንም መንገዱን ልይ ብሎ በእግሩ አይሂድ። ሞተር የምታስነሱ ከሆነ በቅድሚያ የማርሚታውን አፍ ከበረዶ አጽዱ፤ ካልሆነ ጭሱ ወደ እናንተ ይመለሳል። ለሁለት ሦስት ቀን የሚሆን ደረቅ ምግብ፣ ውኃ፣ የልጆቹ መድኃኒት ሁልጊዜ ይኑር። አካፋና ከረጢት አሸዋም ጫኑ። ጎማው ሥር የተበተነ አሸዋ ብዙ ጊዜ ያስነሳል። ለማውጣት ስትሞክሩ የጎማ መንሸራተት መቆጣጠሪያውን ለጊዜው አጥፉት፤ ሞተሩን እየቆረጠ ያስቸግራችኋል።

ብዙ ጻፍኩ። እናትሽ «ልጅቷን አስፈራሃት» እያለችኝ ነው። አላስፈራሁሽም አይደል? ለነገሩ ከኔ ይልቅ አንቺ ረጋ ብለሽ ነው የምትነጂው። የኔ ሥጋት ባለቤትሽ ነው፤ እሱ መድረስ ይወዳል። መሪውን ስትለዋወጡ ይህችን ደብዳቤ አንብቢለት።

ሰንሰለቱን ግቢ ውስጥ ስትሞክሩ ቪዲዮ አንስተሽ ላኪልኝ። የየዕለቱን መንገድም ጠዋት ጠዋት በአጭር መልእክት አሳውቂኝ፤ ከየት ወደ የት እንደምትሄዱና ማታ የት እንደምታድሩ። ቦታው ከተቀየረም ቀይረናል በይኝ። ኔትዎርክ በማይኖርበት ሸለቆ የምታድሩ ከሆነ ቀድመሽ ንገሪኝ፤ እናትሽ ስልኩን ይዛ እንዳታድር።

አባትሽ